የአንድ ቀን ሮም፣ በእግር

ሮም በእግር የምትታይ ከተማ ናት። የዛሬዋ የጣሊያን ዋና ከተማ ዳር ዳሯ እጅግ ሰፍቷል፤ ታሪኳ የተከማቸበት አሮጌው ክፍል ግን ንጉሠ ነገሥት አውሬልያን ከ271 ጀምሮ ባሠራው ቅጥር ውስጥና በአቅራቢያው ይገኛል። (እዚህ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቅጥሩ ዙሪያው 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ክፍል ዛሬም ቆሟል። በጥንቱ ዘመን በዚህች ከተማ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖር እንደነበር ይገመታል። መንግሥቱ ሲዳከም ነዋሪው ወደ ጥቂት አሥር ሺዎች ወረደ። የቀሩት ሰዎችም ቤት ለመሥራት ድንጋይ ከሩቅ አላመጡም። ከፈረሰው ቤተ መቅደስ ዓምዱን፣ ከወደቀው ቲያትር ግድግዳውን ወሰዱ፤ መሠረቱ ደህና ሆኖ ባገኙት ሕንፃ ላይም የራሳቸውን ቤት ጨመሩበት። ሮም አሮጌዋን ጥላ አዲስ አልሆነችም። እያንዳንዱ ዘመን ያለፈውን እንደገና ሥራ ላይ እያዋለ ኖረ። ይህን ከመኪና መስኮት ማየት አይቻልም። የመንገዱ ቅስት፣ የግድግዳው ስፌት፣ ከዛሬው አስፋልት ብዙ ሜትሮች ዝቅ ብሎ የሚታየው የጥንቱ ወለል፣ ሁሉም የሚገለጡት ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው ነው።

ለብቻ መዞርም ለእንዲህ ያለ ከተማ ይስማማል። በቡድን የሚጓዝ ሰው የአስጎብኚውን ባንዲራ ሲከተል የሚወደው ቦታ ላይ ሳይጠግብ፣ የማይማርከው ቦታ ላይ ተሰላችቶ ይውላል። ብቻውን የሚሄድ ግን አንድ ሥዕል ፊት ግማሽ ሰዓት ሊቆም፣ ዝነኛውን አደባባይ ደግሞ በጨረፍታ አይቶ ሊያልፍ ይችላል። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። መጀመሪያ ጥሩ ጫማ፤ የመሐል ከተማው መንገዶች ሳምፒየትሪኒ በሚባሉ ጥቁር ጥርብ ድንጋዮች የተነጠፉ ስለሆኑ ስስ ሶል ያለው ጫማ ያደረገን እግር ይጎዳሉ፣ ዝናብ ሲዘንብም ያንሸራትታሉ። ቀጥሎ ባዶ የውሃ ጠርሙስ። ከ1874 ጀምሮ በየመንገዱ የቆሙ፣ ሮማውያን ናዞኒ የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች ቀንና ሌሊት የሚጠጣ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሳሉ፤ ቁጥራቸውም ወደ 2,500 ይጠጋል። የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ከላይ ካለችው ቀዳዳ ውሃው ወደ አፍ ይፈነጥቃል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስም ይያዝ፤ አለዚያ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በር ላይ መመለስ አለ።

ከዚህ በታች የተዘረዘረው መንገድ ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚያደርስ፣ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ነው። ሮምን ለማየት ሌሎች ብዙ መንገዶች አሉ። ይህኛው የተመረጠው የከተማዋን ዘመናት ቅርብ ለቅርብ ስለሚያሳይና የኢትዮጵያን ታሪክ በተደጋጋሚ ስለሚነካ ነው።

ባቡር ጣቢያው ቴርሚኒ የብዙ መንገደኞች መነሻ ነው። በአካባቢው የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ስላሉ የበርበሬ ሽታ ሳይታሰብ አፍንጫን ይመታል። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ለእነርሱ መታሰቢያ የተተከለው የግብፅ ሐውልት ዛሬ ከአደባባዩ ጥቂት ራቅ ብሎ በዛፎች መካከል ቆሟል፤ ዐላፊ አግዳሚው ብዙም አያየውም። ከቴርሚኒ ቢ በተሰኘው የምድር ባቡር መስመር ጥቂት ጣቢያዎችን ተጉዞ ቺርኮ ማሲሞ ሲወርዱ የእግር ጉዞው ይጀመራል።

ከጣቢያው መውጫ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፖርታ ካፔና ይባላል። በስተግራ የጥንቶቹ የሠረገላ እሽቅድምድም ሜዳ ረጅም ሣር ለብሶ ተዘርግቷል፤ ከጎኑ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ይታያል። ይህ ትልቅ ነጭ ሕንፃ ሲታቀድ ለፋሺስቱ መንግሥት የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ከፊቱም እንዲቆም የተደረገው የአክሱም ሐውልት ነው። 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ይህ ድንጋይ በ1937 ተሰባብሮ ከወደቀበት ከአክሱም ተጭኖ መጥቶ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ እዚህ ተተከለ። ቀኑ የተመረጠው ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘበትን 15ኛ ዓመት ለማክበር ነበር። በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን ቅርሶች እንድትመልስ ቢያስገድድም ሐውልቱ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ከቦታው አልተነቃነቀም። በ2002 መብረቅ መታው፤ በ2003 መፍታት ተጀመረ፤ በ2005 ሦስት ቁራጭ ሆኖ በግዙፍ አንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008 በጥንት ስፍራው ተተክሎ ተመረቀ። ፖርታ ካፔና ላይ ዛሬ የሚታዩት ሁለት የጥንት ዓምዶች ለመስከረም 11ዱ ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ በ2009 የቆሙ ናቸው። ሐውልቱ 68 ዓመት የሮም ነዋሪ እንደነበር ለማያውቅ መንገደኛ ቦታው ተራ የመኪና መገናኛ ነው። የሚያውቅ ሰው ግን እዚህ ጥቂት መቆሙ ይገባል። የተወሰደ ቅርስ በስምምነት፣ ከብዙ ሙግት በኋላ፣ ተመልሶ ቦታው ላይ የቆመበት ታሪክ በዓለም ላይ ብዙ አይደለምና።

ከዚህ አደባባይ ወደ ኮሎሲየም የሚወስደው ሳን ግሬጎሪዮ የተሰኘ ጎዳና በሁለት ወገን ዛፍ የተተከለበት፣ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነው። መስከረም 10 ቀን 1960 ምሽት ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ያበቃው በዚህ ጎዳና ነበር። ውድድሩ የተጀመረው ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ሥር ሲሆን፣ ሯጮቹ ከከተማው ወጥተው በጥንቱ የአፒያ መንገድ ሲመለሱ ጨለማ ወርዶ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩላቸው ነበር። ለብዙ ኪሎ ሜትሮች ጎን ለጎን የሮጡት አበበ ቢቂላና የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበሩ። አበበ ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲያልፍ ነው፤ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ በመግባት የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ፣ ሁለተኛውንም 25 ሰከንድ ያህል ቀደመ። ከጥቁር አፍሪካ የተነሣ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ አሸናፊም ሆነ። ጎዳናው ላይ ቀስ ብሎ የሚራመድ መንገደኛ አበበ ያን ምሽት በጥቂት ደቂቃዎች የፈጸመውን ርቀት በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል።

የውድድሩ መጨረሻ የነበረው የቆስጠንጢኖስ ቅስት የሮምን ጠባይ ጠቅልሎ ይዟል። በ315 የተመረቀው ቆስጠንጢኖስ ተቀናቃኙን ማክሴንቲዮስን ድል በማድረጉ ነው። ቀረብ ብሎ የሚያይ ሰው ግን ቅርጾቹ የተለያዩ እጆች ሥራ መሆናቸውን ያስተውላል። ክቦቹ ከሐድርያን፣ ረጃጅሞቹ ሰሌዳዎች ከማርቆስ አውሬልዮስ፣ ትልልቆቹ የጦርነት ትዕይንቶች ደግሞ ከትራያን ዘመን ሐውልቶች ተነቅለው የመጡ ናቸው፤ የቀድሞዎቹ ነገሥታት ፊትም የቆስጠንጢኖስን እንዲመስል እንደገና ተፈልፍሏል። በዘመኑ የተቀረጹት አጫጭር ሰዎች የሚታዩባቸው ጠባብ መስመሮች ከጎናቸው ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ ጥበቡ ምን ያህል እንደተለወጠ ያሳያሉ።

አጠገቡ ያለው ኮሎሲየም ማስተዋወቂያ አያስፈልገውም፤ ገና ከሩቅ ይታያል። ቬስፓስያን ጀምሮት ልጁ ቲቶ በ80 መረቀው። 50,000 ያህል ተመልካች ይይዝ እንደነበር ይገመታል። በደቡብ በኩል ያለው የውጭ ግንብ የወደቀው በ1349 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሆን፣ የወደቀው ድንጋይ ለዘመናት ወደ ሌሎች ሕንፃዎች ተጋዘ። በቆመው ግድግዳ ላይ የሚታዩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ደግሞ ድንጋዮቹን ያያያዘው ብረት፣ ማዕድኑ ውድ በነበረበት ዘመን፣ እየተፈለፈለ የወጣባቸው ናቸው። ወደ ውስጥ ለመግባት በሰዓት የተወሰነ ትኬት አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው፤ ፎረም ከተባለው የጥንቱ አደባባይና ከፓላቲን ኮረብታ ጋር ደግሞ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሰውነቱን ሳያደክም አንድ ቀን ብቻ ለሚዞር ሰው ዙሪያውን በእርጋታ መዞሩ ይበቃዋል።

ከኮሎሲየም ወደ ፒያሳ ቬኔዚያ የሚወስደው ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ጥንታዊ ይመስላል፤ ግን የ1932 ሥራ ነው። ሙሶሊኒ ለሰልፍ የሚሆን ጎዳና ፈልጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ድሆች የሚኖሩበትን ሠፈር አፍርሶ አወጣው፤ የነገሥታቱን ፎረሞችም ለሁለት ከፈላቸው። በ1934 በመንገዱ ዳር የጥንቱን የሮም ግዛት መስፋፋት የሚያሳዩ የእምነ በረድ ካርታዎች ተሰቀሉ። በ1936 ኢትዮጵያን የጨመረ አምስተኛ ካርታ ተለጠፈ፤ ከፋሺዝም ውድቀት በኋላ ወረደ። ሮም የጥንቱን ድንጋይ ለኑሮ ብቻ አልተጠቀመችበትም፤ ፖለቲከኞችም ክብራቸውን ከእርሱ ለመዋስ ሞክረዋል።

ወደ ካምፒዶልዮ ኮረብታ የሚያወጣው ሰፊ መወጣጫ ደረጃው በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበት አይፈትንም። ይህንን መወጣጫና ከላይ ያለውን አደባባይ ሚኬላንጄሎ ከ1536 ጀምሮ ነድፎታል። መሐሉ ላይ በፈረስ የተቀመጠው ነሐሱ ማርቆስ አውሬልዮስ ቅጂ ነው፤ ዋናው በአጠገቡ ባለው ሙዚየም ውስጥ ይጠበቃል። ሌሎች የነሐስ ፈረሰኞች ቀልጠው ሲጠፉ ይህ የተረፈው በመካከለኛው ዘመን ሰዎች ዘንድ የክርስቲያኑ ንጉሥ የቆስጠንጢኖስ ምስል ተደርጎ ስለታየ ነው። ከአደባባዩ ጀርባ፣ በከተማው አዳራሽ ጎን ዞር ሲሉ ፎረሙ በሙሉ እንደ ትልቅ ጉድጓድ ከሥር ይታያል። የሴኔቱ አዳራሽ፣ የሴፕቲሚዮስ ሴቬሮስ ቅስት፣ የሳቱርን ቤተ መቅደስ ዓምዶች፣ ሁሉም አንድ ላይ። ይህ እይታ ምንም አያስከፍልም፤ ጠዋት ደግሞ ፀሐይዋ ከፊት ትመጣለች እንጂ ሰው ብዙም የለም።

ከኮረብታው በምዕራብ በኩል ሲወርዱ የሚገኘው የማርቼሎ ቲያትር ለዚህ ከተማ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። ዩልዮስ ቄሳር ቦታውን አዘጋጀ፤ አውግስጦስ አስጨርሶ በሟቹ የእኅቱ ልጅ ስም ሰየመው። በመካከለኛው ዘመን ባላባቶች ምሽግ አደረጉት። በ16ኛው መቶ ዘመን ባልዳሳሬ ፔሩዚ የተባለው መሐንዲስ በቅስቶቹ ላይ መኖሪያ ቤተ መንግሥት ገነባበት። ዛሬ ከታች የጥንት ቅስት፣ ከላይ መጋረጃ የተንጠለጠለበት መስኮት ይታያል፤ ሰው ይኖርበታል።

ከቲያትሩ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ የአይሁድ ሠፈር ይጀመራል። አይሁዶች ሮም የገቡት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ ከአውሮፓ የአይሁድ ማኅበረሰቦች እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ናቸው። በ1555 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ አራተኛ በወንዙ ዳር ጎርፍ በሚያጠቃው ጠባብ ቦታ በቅጥር ታጥረው እንዲኖሩ አዘዘ፤ እገዳው ሙሉ በሙሉ የተነሣው ሮም ወደ ጣሊያን መንግሥት በተጠቃለለችበት በ1870 ነው። ጥቅምት 16 ቀን 1943 የጀርመን ወታደሮች ሠፈሩን ከበው ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ወደ አውሽዊትዝ ላኩ፤ በሕይወት የተመለሱት 16 ብቻ ናቸው። በቤቶች ደጃፍ ላይ በንጣፉ ድንጋይ መካከል የተተከሉት ትንንሽ የነሐስ ሰሌዳዎች የእነዚህን ሰዎች ስም፣ የተወለዱበትንና የተገደሉበትን ዓመት ይዘዋል። አንገቱን ደፍቶ ለሚራመድ ሰው ብቻ የሚታዩ መታሰቢያዎች ናቸውና ማንበብ ያስፈልጋል።

ይህ ሠፈር ለምሳም ጥሩ ነው። በዘይት ተጠብሶ ቅጠሉ እንደ አበባ የሚከፈተው የአይሁድ ካርቾፊ (አርቲቾክ የሚባለው አትክልት) እዚህ የተፈጠረ ሲሆን፣ ወቅቱ ከክረምት መጨረሻ እስከ ፀደይ ነው። ብቻውን የሚበላ ሰው ጠረጴዛ ለመያዝ ካላሰኘው ከየመንገዱ ሱቅ በሚዛን ተቆርጦ የሚሸጥ ፒሳ መግዛት ይችላል፤ ሻጩ በቢላ እያመለከተ መጠኑን ይጠይቃል፣ ገዢው በእጁ ያሳያል። ቡናም ቢሆን በሮም ቆሞ የሚጠጣ ነገር ነው። ቆሞ የጠጣው ሰው ዋጋ ጥቂት ሲሆን፣ ተቀምጦ የጠጣው እጥፍና ከዚያ በላይ ሊከፍል ይችላል። በሥራ በተጠመዱ ቡና ቤቶች አስቀድሞ ለገንዘብ ተቀባዩ ከፍሎ ደረሰኙን ለቀጂው ማሳየት ልማድ ነው። በአዲስ አበባ ማኪያቶ ሲያዝ የኖረ ሰው ትእዛዙን ለመስጠት ቋንቋ አይቸግረውም፤ የሚቀርብለት ሲኒ ግን ከለመደው ያነሰና የጠነከረ ነው።

ከምሳ በፊት ወይም በኋላ ወደ ቲቤር ወንዝ ደሴት መሻገር ይቻላል። የሚያሻግረው የፋብሪቺዮ ድልድይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ62 የተሠራ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ሰው ይመላለስበታል። ደሴቲቱ ከጥንት ጀምሮ የሕሙማን ቦታ ናት፤ ዛሬም ሆስፒታል አለባት።

ከቀትር በኋላ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋሉ። ያን ጊዜ በክፍት አየር ያለውን ማየት ይሻላል። ላርጎ አርጀንቲና በሚባለው አደባባይ መካከል ካለው ጉድጓድ ውስጥ አራት የጥንት ቤተ መቅደሶች ይታያሉ፤ ድመቶችም በፀሐይ ይሞቁበታል። ዩልዮስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 በሴናተሮች የተወጋው እዚህ ላይ በነበረው የፖምፔዮስ አዳራሽ ነው። ከ2023 ጀምሮ በመወጣጫ ወርዶ በፍርስራሹ መሐል መሄድ ይቻላል። የዚሁ የፖምፔዮስ ግዙፍ ቲያትር ግን ከምድር ጠፍቷል። የቀረው ቅርጹ ነው። ግሮታ ፒንታ በምትባለው ጠባብ መንገድ ላይ ያሉት ቤቶች በግማሽ ክብ የተደረደሩት ከሥራቸው ያለውን የተመልካች መቀመጫ መሠረት ተከትለው ስለተሠሩ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ሕንፃ አንድም ድንጋይ ሳያሳይ የመንገዱን አቅጣጫ ያዝዛል። በካርታ ላይ አይቶ ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ በእግር ሲሄዱበት ግን ግድግዳው ቀስ እያለ ሲጠማዘዝ ይታወቃል።

ካምፖ ዴ ፊዮሪ ከዚህ አጠገብ ነው። ጠዋት የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ ይውልበታል፣ ከሰዓት በኋላ ይጠረጋል። መሐሉ ላይ ራሱን ሸፍኖ የቆመው ሐውልት የፈላስፋው የጆርዳኖ ብሩኖ ነው፤ በየካቲት 1600 በዚሁ አደባባይ በእሳት ተቃጠለ። ሐውልቱ የቆመው በ1889፣ የቤተ ክርስቲያን መንግሥት በከተማዋ ላይ የነበረው ሥልጣን ካበቃ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የሚደረስበት ጥንታዊው ቤተ መቅደስ ፓንቴዮን ከቀኑ ጊዜ ትልቁን ድርሻ ቢወስድ ተገቢ ነው። በፊቱ ላይ የማርቆስ አግሪጳ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ዛሬ የቆመውን ግን ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ሲሆን፣ የተጠናቀቀው በ126 ገደማ ነው። ሐድርያን የቀድሞውን ሠሪ ስም አልፋቀውም። መግቢያውን የተሸከሙት 16 የግራናይት ዓምዶች ከግብፅ በመርከብ የመጡ ናቸው። ውስጡ ሲገባ ዓይን ወደ ላይ ይሳባል። የጉልላቱ ስፋት 43.3 ሜትር ሲሆን፣ ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ቁመትም ያው 43.3 ሜትር ነው፤ ማለትም አንድ ሙሉ ድቡልቡል ቅርጽ በውስጡ ልክ ይገባል። ብረት ሳይገባበት በኮንክሪት ብቻ ከተሠሩ ጉልላቶች እስከ ዛሬ በስፋት የሚበልጠው የለም። ሠሪዎቹ ክብደቱን ያቃለሉት ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ቀለል ያለ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከኮንክሪቱ ጋር በመቀላቀል ነው። በአምስት ዙር የተደረደሩት 140 ጎድጓዳ አራት ማዕዘኖችም ለውበት ብቻ አልተሠሩም፤ ክብደት ይቀንሳሉ። አናቱ ላይ ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ ክብ ክፍተት አለ። የሚዘጋው ነገር የለም። ፀሐይ ይገባል፣ የብርሃኑም ክብ ከሰዓት ወደ ሰዓት በግድግዳው ላይ ይዞራል፤ ዝናብም ይገባል፣ ውሃውን ደግሞ መሐሉ በትንሹ ከፍ ያለው ወለል ወደ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይመልሰዋል።

ይህ ሕንፃ ሳይፈርስ የቆየው በ609 ቤተ ክርስቲያን ስለተደረገ ነው። በውስጡ የሠዓሊው የራፋኤል መቃብር አለ፤ የጣሊያን ነገሥታትም እዚህ ተቀብረዋል። ከእነርሱ አንዱ ኡምቤርቶ አንደኛ ነው። የውጫሌ ውል በ1889 ሲፈረም፣ በ1896 ጦሩ በዐድዋ ሲሸነፍ፣ የጣሊያን ንጉሥ እርሱ ነበር። መቃብሩ በግራ እጅ በኩል ይገኛል። ለፓንቴዮን ከ2023 ጀምሮ መግቢያ ይከፈላል።

ከዚህ በእግር የሦስት ደቂቃ መንገድ ላይ ያለው የፈረንሳዮች የቅዱስ ሉዊስ ቤተ ክርስቲያን ከሰዓት በኋላ እንደገና ሲከፈት ብቻውን የሚሄድ ሰው የሚያርፍበት ነው። በግራ በኩል መጨረሻ ባለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ካራቫጆ ከ1599 ጀምሮ የሣላቸው ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች አሉ። አንዱ ማቴዎስ ቀራጭ ሳለ ገንዘብ ከሚቆጥሩ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ክርስቶስ ሲጠራው ያሳያል። ክፍሏ ጨለማ ናት። ሳንቲም ሲከቱ መብራቱ በርቶ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ቡድኖች አንድ ብርሃን አይተው ይሄዳሉ። የሚቆይ ሰው መብራቱ ሲጠፋ ካራቫጆ ራሱ ብርሃኑን ከየት እንዳመጣው ያያል፤ በሥዕሉ ውስጥ የሚገባው ጨረር የሚመጣው ከእውነተኛው መስኮት አቅጣጫ ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ አለመጠየቁ የሮም ትልቅ ልግስና ነው።

ፒያሳ ናቮና ከዚሁ ጎን ነው። አደባባዩ ረጅምና አንድ ጫፉ የተጠማዘዘ የሆነው ንጉሠ ነገሥት ዶሚጥያኖስ በ86 ያሠራውን የሩጫ ስታዲየም ቅርጽ ስለያዘ ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ቤቶች የተሠሩት በመቀመጫዎቹ ላይ ነው። መሐሉ ላይ ያለው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ ቀራጺው በርኒኒ በ1651 የጨረሰው ሥራ ሲሆን፣ ናይልን፣ ጋንጅስን፣ ዳኑብንና ሪዮ ዴ ላ ፕላታን በአራት ግዙፍ ሰዎች አምሳል ያሳያል። ናይልን የሚወክለው ሰው ራሱን በጨርቅ ሸፍኗል፤ ምክንያቱም ምንጩ አይታወቅም ተብሎ ይታመን ነበር። ይሁን እንጂ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ግሽ ዓባይን በ1618 ጎብኝቶ ጽፎ ነበር። ምንጩ ለጎጃም ሰው ደግሞ መቼም ቢሆን የተሰወረ አልነበረም። ከኢትዮጵያ የመጣ ተመልካች ይህን መጋረጃ ለብሶ የተቀመጠ ሐውልት የሚያይበት ዓይን ከሌላው ይለያል።

ከናቮና በስተሰሜን ምዕራብ በጠባብ መንገዶች ሲሄዱ የሳንት አንጄሎ ድልድይ ይደረሳል። ድልድዩንም ከማዶ ያለውን ድቡልቡል ምሽግም ያሠራው ሐድርያን ነው። ምሽጉ መጀመሪያ የሐድርያን መቃብር ነበር፤ በኋላ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ መሸሸጊያ፣ ከዚያም እስር ቤት፣ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ከዚህ በቀጥታ የሚወስደው ጎዳና ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ያደርሳል። በርኒኒ ከ1656 ጀምሮ ያቆማቸው 284 ዓምዶች በአራት ረድፍ አደባባዩን ከሁለት ወገን ያቅፋሉ። በወለሉ ላይ ምልክት የተደረገባቸው ሁለት ነጥቦች ላይ ሲቆሙ አራቱ ረድፎች አንዱ ከሌላው ጀርባ ተሰውረው አንድ ረድፍ ብቻ ይመስላሉ። መካከል ያለው ሐውልት ከግብፅ የመጣው በንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ ዘመን ነው፤ በ1586 ዶሜኒኮ ፎንታና የተባለ መሐንዲስ 900 ያህል ሰዎች አሰልፎ አሁን ባለበት ቦታ አቆመው። በሮም ከቆሙት 13 ጥንታዊ ሐውልቶች ስምንቱ ከግብፅ የመጡ፣ አምስቱ በሮማውያን ዘመን የተሠሩ ናቸው። የአክሱሙ ተመልሷል፤ እነዚህ ቆመዋል።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን ሊያውቁት የሚገባ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ይባላል። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ተሰጠ። ከኢትዮጵያና ከኢየሩሳሌም ተነሥተው የሚመጡት መነኮሳት ለአውሮፓ ሊቃውንት ግዕዝ አስተማሩ። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ከእነርሱ ተምሮ በ1513 በሮም ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ከታተሙ መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው። ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮንም በዚሁ በሮም በ1548 እና በ1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን አሳተሙ። በ1649 ደግሞ ወጣቱ ጀርመናዊ ሂዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር እዚህ ተገናኘ፤ በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉት የሉዶልፍ የሰዋስውና የታሪክ መጻሕፍት ከዚያ ወዳጅነት ተወለዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው በቫቲካን ክልል ውስጥ ስለሆነ ከአደባባዩ በቀጥታ መግባት አይቻልም። በዚያው ግቢ በ1919 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ኮሌጅም አለ።

የባዚሊካው መግቢያ ነፃ ሲሆን፣ በጠዋት ረጅም የሆነው ሰልፍ ወደ ማምሻው ላይ ይቀንሳል። የቫቲካን ሙዚየሞችን ግን በዚሁ ቀን ማከል አይገባም፤ የሲስቲና ጸሎት ቤትን ጨምሮ በጥቂቱ ሦስት አራት ሰዓት ይወስዳሉ፣ ትኬትም ቀደም ብሎ መያዝ አለበት። ከአካባቢው ወደ ቴርሚኒ የሚመልሰው አውቶቡስ 64 ቁጥር ነው። በኪስ አውላቂዎች የታወቀ መስመር በመሆኑ ቦርሳን ወደ ፊት አዙሮ መያዝ ያሻል። እግሩ ያልደከመ ሰው ደግሞ ወንዙን ይዞ ወደ ደቡብ ቢሄድ በግማሽ ሰዓት ገደማ ትራስቴቬሬ ይደርሳል። የራት ቦታዎች የበዙበት ይህ ሠፈር የሚሞላው ከመሸ በኋላ ነው፤ በአደባባዩ ላይ ያለው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በ12ኛው መቶ ዘመን ሞዛይክና ከጥንት ሕንፃዎች በተወሰዱ ዓምዶች የታወቀ ነው። ራት በሮም የሚቀርበው ዘግየት ብሎ፣ በአገሬው ሰዓት ከምሽቱ 8 አካባቢ ጀምሮ ነው፤ ብቻውን ለሚመጣ እንግዳ ቀደም ብሎ መግባቱ ጠረጴዛ ለማግኘት ያመቻል።